ፖሊስ ሰው ሲይዝ መሃል መግባት፦ በአሜሪካ እየሰፋ የመጣው ወንጀል

እኛ ሰው ሲያዝ ቆመን የምናይ ሕዝብ አይደለንም። ፖሊስ የሰፈር ልጅ ሊወስድ ሲል ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ይወጣል። እናቶች «ኧረ በእመቤቴ!» ይላሉ። አንድ አባት ጠጋ ብለው የፖሊሱን ክንድ ያዝ ያደርጉና «ልጄ ተወው፣ እኔ ዋስ እሆነዋለሁ» ይላሉ። ለእኛ ይህ መገላገል ነው። የሚወቀሰው አይቶ ያለፈው ነው።

ያው ክንድ መያዝ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ቢደረግ እስከ 3 ዓመት የሚያሳስር ክስ ሊያመጣ ይችላል። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው። «ፍትሕን ማደናቀፍ» እና «ፖሊስ ሰው ሲይዝ ጣልቃ መግባት» የሚባሉት ወንጀሎች በአሜሪካ እየሰፉ፣ ቅጣታቸውም እየከበደ ነው። ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ደግሞ ዜግነት ያልያዘውን ሰው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

በመጀመሪያ ሁለቱን እንለያቸው። ፍትሕን ማደናቀፍ ከድሮም የፍርድ ቤትና የምርመራ ጉዳይ ነበር። ሰነድ ማጥፋት፣ ምስክር ማስፈራራት፣ ዳኛን በጉቦ መደለል እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ጣልቃ መግባት ግን የጎዳና ጉዳይ ነው። ፖሊሱን መግፋት፣ የሚያዘውን ሰው መጎተት፣ መኪናው ፊት መቆም ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው አጥር አሁን እየፈረሰ ነው፤ ግራ መጋባቱም የመጣው ከዚህ ነው።

ከፌዴራሉ ሕግ እንነሳ። በፌዴራል የወንጀል ሕግ ርዕስ 18 ውስጥ ቁጥር 111 የሚባል ድንጋጌ አለ። መጀመሪያ የወጣው በ1934 ነው። ሥራ ላይ ያለን የፌዴራል ሠራተኛ በኃይል ያጠቃ፣ የተቃወመ፣ ያደናቀፈ ወይም ያስፈራራ ሰው በዚህ ይከሰሳል። ቅጣቱ ሦስት እርከን አለው። ቀላሉ እስከ 1 ዓመት ነው። የአካል ንክኪ ካለ እስከ 8 ዓመት ይሄዳል። መሣሪያ ከተያዘ ወይም ሰው ከተጎዳ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። እስከ 2002 ድረስ ሁለተኛው እርከን 3 ዓመት፣ ሦስተኛው 10 ዓመት ነበር። ኮንግረሱ በዚያ ዓመት ነው ያሳደገው።

እዚህ ሕግ ውስጥ ያለችውን «በኃይል» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። አቃቤ ሕግ ኃይል መኖሩን ማሳየት አለበት። መጮህ፣ መሳደብ፣ «ለምን ትይዙታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ኃይል አይደለም። በኋላ የምንመለስባት ቃል ናት።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን ጉዳይ ላንሳ። ቦታው ዋሺንግተን ዲሲ፣ 14ኛውና ዩ ጎዳና የሚገናኙበት ነው። የሐበሻ ሬስቶራንቶች ከዚያ በእግር ቅርብ ናቸው። በኦገስት 2025 የፌዴራል ኃይሎች ከተማዋን ሲያስሱ አንድ ሰው ጮኸባቸውና በወረቀት የተጠቀለለ ሳንድዊች አንዱ መኮንን ደረት ላይ ወረወረ። አቃቤ ሕግ በከባዱ ወንጀል፣ በፌሎኒ፣ ሊከሰው ጠየቀ። ክስ ይመሥረት አይመሥረት ብሎ የሚወስነው የዜጎች ቡድን፣ ግራንድ ጁሪው፣ ክሱን አልቀበልም አለ። ክሱ ወደ ቀላሉ እርከን ወረደ። በኖቬምበር ደግሞ ጁሪው ነፃ አወጣው።

ከዚህ «እንግዲያው ምንም አይመጣም» የሚል መደምደሚያ መያዝ ትልቅ ስህተት ነው። ሰውዬው ታስሯል፣ የመንግሥት ሥራውን አጥቷል፣ ወራት በፍርድ ቤት ተንገላቷል። አሜሪካዊ ዜጋ ስለሆነ ነገሩ እዚያ አበቃ። ግሪን ካርድ ወይም የጥገኝነት ማመልከቻ የያዘ ሰው ቢሆን ኖሮ መታሰሩ ብቻ ሌላ ፋይል ያስከፍት ነበር።

ስቴቶቹ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። የሜሪላንዱ ግልጽ ነው። አንድ ሰው ራሱ መያዝን በኃይል ቢቃወም፣ ወይም ፖሊስ ሌላ ሰው ሲይዝ ሆን ብሎ ጣልቃ ቢገባ፣ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስርና እስከ 5,000 ዶላር ነው። ሁለቱም በአንድ ድንጋጌ ሥር ናቸው። ሕጉ የሚያዘውንና የሚገላግለውን አይለይም። በቨርጂኒያ ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት የፖሊስን ሥራ ማደናቀፍ እስከ 12 ወርና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል። ፖሊሱ «ተው» ካለ በኋላ አለመተውም እዚያው ውስጥ ይገባል። ይህቺን 12 ወር ያዟት፤ በኋላ ትፈለጋለች።

እስካሁን ያለው አያስደንቅም። ሰው መያዝ ለፖሊስም፣ ለሚያዘውም፣ ለቆመውም አደገኛ ሰዓት ነው። ከኋላ የመጣ እጅ ምን እንደያዘ ማንም አያውቅም። ስለዚህ እጅ መቀጣቱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ የሚጀምረው ሕጉ ከእጅ አልፎ ወደ አፍ፣ ወደ እግርና ወደ ሐሳብ ሲሻገር ነው።

ሉዊዚያናን እንይ። በ2025 የስቴቱ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ፣ ገዥው ጄፍ ላንድሪ ፈረሙበት፣ ከኦገስት 1 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ፍትሕን ማደናቀፍ የሚለውን የድሮ ወንጀል አስፍቶታል። አሁን የፌዴራል መንግሥት የኢሚግሬሽን ሕግ ሲያስከብር ያንን ለማደናቀፍ፣ ለማዘግየት፣ ለመከልከል ወይም በሌላ መንገድ ጣልቃ ለመግባት ታስቦ፣ ሆነ ተብሎ የሚደረግ ማንኛውም ድርጊት ወንጀል ነው። ቅጣቱ እስከ 6 ወር እስርና እስከ 1,000 ዶላር ነው። የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን አስከባሪ መሥሪያ ቤት አይስ እርዳኝ ሲል እምቢ ያለ የመንግሥት ባለሥልጣን ደግሞ ግዴታን ባለመወጣት ወንጀል ሊከሰስ ይችላል፤ እሱ እስከ 10 ዓመት ያደርሳል።

አሁን ያቺን ቃል ፈልጓት። «በኃይል» የለችም። በቦታዋ «ማንኛውም ድርጊት» ገብቷል።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። አንድ ሰው ለጎረቤቱ «ዳኛ የፈረመበት ወረቀት ካላሳዩህ በር አትክፈት» ቢለው ማዘግየት ነው? ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ስለ መብት ትምህርት ብታዘጋጅ ጣልቃ መግባት ነው? ጠበቃ ለደንበኛው «ዝም በል» ብሎ ቢመክርስ? የሕጉ ደጋፊዎች አቃቤ ሕግ ሆን ተብሎ፣ ለማደናቀፍ ታስቦ መደረጉን ማስረዳት አለበት ይላሉ። እውነት ነው፤ ያ ትንሽ ጥበቃ አይደለም። ግን ሐሳብን ማስረዳት የሚመጣው ፍርድ ቤት ነው። መታሰር የሚመጣው ጎዳና ላይ ነው። በሁለቱ መሃል ያለው ጊዜ ሥራ የሚጠፋበት፣ ኪራይ የሚያልፍበት ጊዜ ነው። ሕጉ መልሱን ጥርት አድርጎ ስላልጻፈ፣ ብዙ ሰው ሕጋዊ የሆነውንም ነገር ፈርቶ ይተወዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ከቅጣቱ ይልቅ ይህ ፍርሃት ነው።

ጉዳዩ ዳኛም አልማረም። በኤፕሪል 2025 የሚልዋኪ ካውንቲ ዳኛ ሃና ዱጋን ችሎት ላይ ሳሉ የኢሚግሬሽን መኮንኖች አንድ ተከሳሽ ሊይዙ መጡ። የያዙት ማዘዣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የፈረመበት እንጂ የዳኛ ፊርማ ያለበት አልነበረም። ዳኛዋ መኮንኖቹን ወደ ዋናው ዳኛ ቢሮ ላኳቸው። ሰውየውንና ጠበቃውን ደግሞ በጁሪ በር በኩል አስወጡ። ሰውየው ውጭ ሮጦ ተያዘ። ዳኛዋ በሁለት ወንጀል ተከሰሱ፤ አንዱ ሰው መደበቅ፣ ሌላው እስከ 5 ዓመት የሚያስቀጣው የመንግሥት ሥራን ማደናቀፍ ነው። በዲሴምበር ጁሪው ከመጀመሪያው ነፃ ሲያደርጋቸው በሁለተኛው ጥፋተኛ አላቸው። ማንንም አልገፉም፣ ማንንም አልመቱም። በር ነው ያሳዩት። ዳኛዋ ልክ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ያከራክር። ለእኛ ግን በር ማሳየት የፌሎኒ ጥፋተኝነት እንደሚያመጣ ማወቁ ይበቃል።

ሌላው የመስፋት መንገድ በርቀት ነው። ኢንዲያና በ2023፣ ሉዊዚያና በ2024 አንድ ዓይነት ሕግ አወጡ፦ ፖሊሱ «አትጠጋ» ካለ በኋላ በ25 ጫማ ውስጥ የቀረበ ሰው ወንጀለኛ ነው፤ እስከ 60 ቀን እስርና እስከ 500 ዶላር። 25 ጫማ ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ፍሎሪዳም ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የራሷ አላት፤ የእሷ ግን ከማስጠንቀቂያው በተጨማሪ ለማደናቀፍ፣ ለማስፈራራት ወይም ለመተንኮስ ማሰብን ይጠይቃል። የኢንዲያናውንና የሉዊዚያናውን የፌዴራል ዳኞች አግደዋቸዋል። የኢንዲያናውን እገዳ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በኦገስት 2025 አጽንቶታል። ምክንያቱ ለማንም ይገባል፦ ፖሊሱ ያለ ምንም ምክንያት አንዱን «ሂድ» አንዱን «ቁም» ማለት ከቻለ፣ ወንጀል ምን እንደሆነ የሚወስነው ሕጉ ሳይሆን የፖሊሱ ስሜት ነው። የሕግ ባለሙያዎች ይህን «ግልጽ ያልሆነ ሕግ» ይሉታል። ሰው ምን እንደተከለከለ አንብቦ ሊያውቅ ይገባዋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የሂዩስተን ከተማ ፖሊስን በሥራው ላይ በማንኛውም መንገድ ማቋረጥ የሚከለክል ደንብ ነበራት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 ሻረው። ለፖሊስ በቃል መቃወም፣ ሳይታሰሩ «ልክ አይደለህም» ማለት መቻል፣ ነፃ አገርን ከፖሊስ አገር ከሚለዩት ነገሮች አንዱ ነው አለ። ከቆሙበት ሆኖ መጠየቅና መቃወም ዛሬም በዚህ ውሳኔ ጥላ ሥር ነው።

ቀረጻስ? አብዛኛዎቹ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች ፖሊስን በአደባባይ መቅረጽ መብት ነው ብለዋል። ለዲሲ አካባቢ ሰው ደግሞ አንድ የተለየ ውሳኔ አለ። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚያስተዳድረው አራተኛው ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2023፣ ከኖርዝ ካሮላይና በመጣ ጉዳይ፣ ፖሊስ መኪና ሲያስቆም በቀጥታ ማስተላለፍ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ንግግር ነው ብሏል። ፌስቡክ ላይቭ ነበር፤ ለቲክቶክም ያው ነው። ግን መቅረጽ መቅረብ አይደለም። ስልኩን ይዞ እጀ ሰንሰለት እየታሰረ ያለ ሰው ላይ የሚያጎነብስ ሰው የቀረጻ መብቱን ሳይሆን የቆመበትን ቦታ ነው የሚከራከረው። ራቅ ብሎ መቆም፣ «ወደ ኋላ» ሲባል ወደ ኋላ ማለት፣ ካሜራውን ግን አለማጥፋት ይሻላል።

በቤት በር ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 ፖሊስ ሰውን ለመያዝ ቤቱ ለመግባት፣ አስቸኳይ ሁኔታ ከሌለ፣ የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልገዋል ብሏል። በ1981 ደግሞ የሚፈለገው ሰው በሌላ ሰው ቤት ካለ ለዚያ ቤት የፍተሻ ማዘዣ ያስፈልጋል አለ። አይስ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ወረቀት የራሱ ሠራተኛ የፈረመበት ነው። በባህላዊው አረዳድ ያ ወረቀት ያለ ፈቃድ ቤት አያስገባም። ሆኖም መሥሪያ ቤቱ በ2025 ባወጣው የውስጥ መመሪያ፣ የመጨረሻ የመባረር ውሳኔ ባለባቸው ሰዎች ላይ በዚሁ ወረቀት በኃይል መግባት ይቻላል የሚል አቋም ይዟል። ይህ ከፍተኛ ክርክር ያስነሳ ነው። ስለዚህ በር አለመክፈትና «ፈቃድ አልሰጥም» ማለት አንድ ነገር ነው። ከገቡ በኋላ በአካል መከልከል ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው መብት ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር 111 ውስጥ ይከታል። የገቡበት መንገድ ሕገ ወጥ ከሆነ ጠበቃ በፍርድ ቤት ይከራከርበታል።

ከዚህ ሁሉ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚገባበት ወጥመድ ውሸት ነው። እኛ ዘመድን ለማዳን ብለን «እዚህ የለም»፣ «አላውቀውም»፣ «ትናንት ሄዷል» ማለት ይቀናናል። ለፌዴራል መርማሪ እያወቁ በዋና ጉዳይ ላይ መዋሸት እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል። ቃለ መሐላ አያስፈልግም። በር ላይ የተባለ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ዝምታ ግን አይከሰስም። «ያለ ጠበቃ መልስ አልሰጥም» ማለት ፍትሕን ማደናቀፍ አይደለም። አንዳንድ ስቴቶች ፖሊስ በምክንያት ሲያስቆም ስም መናገርን ያስገድዳሉ፤ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ የግሪን ካርድ ባለቤትም ካርዱን ይዞ መንቀሳቀስ በሕግ ግዴታው ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን ታሪክ ማውራት ግዴታ የለበትም። የውሸት ስም መስጠትና የሌላ ሰው መታወቂያ ማሳየት ደግሞ ለየብቻቸው ወንጀል ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስለ ማደናቀፍ ሲወስን አንድ ልማድ አለው፤ ሕጉን ያጠብበዋል። የኤንሮን ኩባንያ ቅሌትን ተከትሎ በ2002 ኮንግረሱ ማስረጃ ማጥፋትን በ20 ዓመት የሚያስቀጣ ሕግ አወጣ። አቃቤ ሕጎች በዚህ ሕግ ፍሎሪዳ ውስጥ ከተፈቀደው በታች የሆኑ ዓሣዎችን ባሕር ላይ የወረወረ ዓሣ አጥማጅን ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በ2015 «ይህ ሕግ ለሰነድና መሰል መረጃ ለያዘ ነገር ነው፣ ለዓሣ አይደለም» አለ። በ2024 ደግሞ በ2021 በኮንግረሱ ሕንፃ የተነሳውን የጃንዋሪ 6 ረብሻ ተከትሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተከሰሱበትን የማደናቀፍ ድንጋጌ በ6 ለ3 አጠበበው።

ስደተኛ ሲመጣ ግን ያው ፍርድ ቤት በሌላ አቅጣጫ ሄዷል። የኢሚግሬሽን ሕጉ «ከፍትሕ ማደናቀፍ ጋር የተያያዘ ወንጀል» ፈጽሞ ቢያንስ አንድ ዓመት የተፈረደበትን ሰው በአግራቬትድ ፌሎኒ ይመድበዋል። ይህ ስም ከባድ ነው። ግሪን ካርድ ያስነጥቃል፣ ጥገኝነት ይዘጋል፣ ቤተሰብና የኖሩበት ዓመት ታይቶ ምሕረት የሚገኝበትን በርም ይዘጋል። በጁን 2023 ፍርድ ቤቱ የዚህን ሐረግ ትርጉም ወሰነ። ከጉዳዮቹ አንዱ የመጣው ከቨርጂኒያ ነው፤ ባለ ግሪን ካርዱ የተከሰሰው ወንጀል ከተፈጸመ በኋላ ወንጀለኛውን በመርዳት ነበር። ጥያቄው ማደናቀፍ ለመባል የተጀመረ ምርመራ ወይም ክስ መኖር አለበት ወይ የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 አያስፈልግም አለ። ሰፊው ትርጉም አሸነፈ። ይህን ውሳኔ ልክ ነው ብዬ ልቀበለው አልቻልኩም። ሌላውን ሲከሱበት ጠባብ የሆነ ቃል እኛን ሲያስባርር ለምን ሰፊ ይሆናል?

ያቺ የቨርጂኒያ 12 ወር እዚህ ላይ ናት። ለኢሚግሬሽን የሚቆጠረው የተፈረደው ጊዜ እንጂ የታሰሩት ጊዜ አይደለም። ዳኛው «12 ወር፣ ሙሉው ታግዷል፣ ወደ ቤትህ ሂድ» ቢል፣ ሰውየው አንድ ቀን ሳይታሰር ለኢሚግሬሽን አንድ ዓመት የተፈረደበት ሰው ይሆናል። ደስ ብሎት ይወጣል። ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ደለስ ኤርፖርት ላይ ይያዛል። ይህን አደጋ አይተው ዋሺንግተን ስቴት በ2011፣ ካሊፎርኒያ በ2015፣ ኒው ዮርክ በ2019፣ ሚኒሶታ በ2023 የቀላል ወንጀልን ከፍተኛ ቅጣት ከ365 ቀን ወደ 364 አወረዱት። አንዲት ቀን ነች። ቨርጂኒያ ያለ ሰው ግን ያቺን አንድ ቀን በድርድር ራሱ ማግኘት አለበት። እያንዳንዱ የማደናቀፍ ወንጀል ከዚህ ሐረግ ይገባል ማለት አይደለም፤ እሱን የሚከራከረው ጠበቃ ነው። ነገር ግን ቅጣቱ ከዓመት በታች ከሆነ ክርክሩ ራሱ አይነሳም።

ስለዚህ ልጃችሁ፣ ወንድማችሁ ወይም እናንተ በዚህ ዓይነት ክስ ብትያዙ፣ «ትንሽ ነገር ነው፣ ጥፋተኛ ነኝ በልና ጨርሰው» የሚለውን ምክር አትቸኩሉበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010፣ ከ40 ዓመት በላይ አሜሪካ በኖረ ባለ ግሪን ካርድ ጉዳይ፣ የወንጀል ጠበቃ ጥፋተኝነት ማመን የመባረር አደጋ እንዳለው ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ብሏል። መንግሥት የሚመድበው ነፃ ጠበቃም ይህ ግዴታ አለበት። ጠበቃው ካልነገራችሁ ጠይቁት። በአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ፍርድ ቤት ያቀርባል፣ ልጃችሁ እንዲያስተረጉምላችሁ አታድርጉ። ጥያቄው አጭር ነው፦ «ይህን ከፈረምኩ የተፈረደብኝ ጊዜ በወረቀት ላይ ስንት ቀን ይሆናል? ከ365 በታች ማድረግ ይቻላል ወይ?» መልሱን በጽሑፍ አስቀምጡ፣ ከዚያ በኋላ ፈርሙ።